አንድ እጅ፣ ሁለት ሪፖርት፦ የመገጣጠሚያ አልትራሳውንድን ሦስት ሰው እንዴት አንድ አድርጎ ያያል?

የማራኪዋ (ጎንደር)

ሰላም ወገኖች። እዚሁ ጎንደር አንድ ክሊኒክ ውስጥ አልትራሳውንድ አያለሁ። ሆድና እርግዝና የዕለት ሥራዬ ነው። መገጣጠሚያ ማየት ከጀመርን ግን ገና ሁለት ዓመታችን ነው።

ሰኔ ላይ አንዲት እናት ከደባርቅ መጡ። እንጀራ እየጋገሩ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ጠዋት ጣታቸው አልታጠፍ ይላቸዋል። አንድ ሰዓት ካላለፈ አክምባሎ ማንሳት አይችሉም። ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያስቆጣበት በሽታ) ተብለው ለዚሁ የሚሰጠውን ሜቶትሬክሴት ጀምረዋል። የቀኝ እጃቸውን የሌባ ጣትና የመሃል ጣት ሥር አየሁ። የመገጣጠሚያው ሽፋን ወፍሯል፣ ዶፕለሩም (የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው) ሞልቷል። ደረጃ 3፣ ማለትም የመጨረሻውን ከፍተኛ፣ ብዬ ጻፍኩ።

በዘጠኝ ቀኑ ሌላ ቦታ ታዩ። ወረቀቱ «ትንሽ ፈሳሽ፣ ሌላ ችግር የለም» ይላል። ሐምሌ መጨረሻ ሁለቱንም ይዘው ተመለሱ፤ ጣታቸው እንደገና አብጧል። «ልጄ፣ የትኛውን ልመን?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። እጁ እንዴት እንደተቀመጠ የእኔም አይልም፣ ያኛውም አይልም። የዶፕለሩ ሴቲንግ የለም። የተሳሳትኩት እኔም ልሆን እችላለሁ፤ የማረጋግጥበት ግን አንድም ነገር አልጻፍኩም።

ክፍላችን ውስጥ የምናየው ሦስት ነን። አንድ ዓይነት እንድናይ ከምን እንጀምር?

ነባር ራዲዮሎጂስት

ከቃሉ ጀምሩ፣ እህቴ። ሦስታችሁም «ፈሳሽ» ስትሉ አንድ ነገር ማለታችሁ ነው? ፈሳሽ በፕሮብ (ቆዳ ላይ በሚያርፈው የማሽኑ ክፍል) ጫን ሲያደርጉት ይሸሻል፣ ይጨመቃል። ዶፕለር አያሳይም። የወፈረ ሲኖቪየም (የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን) ቦታውን አይለቅም፣ ብዙም አይጨመቅም፣ ዶፕለር ሊያሳይ ይችላል። ይህን ልዩነት ኦሜራክት የሚባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 በጽሑፍ አስቀምጦታል። ከ1992 ጀምሮ በሩማቶሎጂ ምን በምን ይለካ የሚለውን ሲያስማማ የኖረ ቡድን ነው። የአጥንት መሸርሸርም እንደዚያው ነው። በቁመትም በአግድምም ካልታየ አይጻፍም።

ለደረጃው በ2017 ከአውሮፓው የሩማቶሎጂ ማኅበር ጋር ያወጡት ከ0 እስከ 3 የሚሄድ መለኪያ አለ። ዶፕለሩ እስከ ሦስት ነጠላ ነጥብ ወይም እስከ ሁለት የተያያዘ ነጥብ ከሆነ 1 ነው። ከዚያ በልጦ የወፈረውን ሽፋን ግማሽ ካልሞላ 2፣ ከግማሽ ካለፈ 3። ሽፋኑ ሳይወፍር የሚታይ ዶፕለር አይቆጠርም። ይህን አትሚና ግድግዳው ላይ ለጥፊው። እጁ ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ይደፋ፣ ጣቶቹ ላላ ይበሉ።

የአዘዞው

እኔ ለአንድ ዓመት ሙሉ ፕሮቡን ስጫን ነበር። ሆድ ማየት የለመደ እጅ ሳያውቀው ይጫናል። የጣት ደም ሥር ቀጭን ነው፤ ትንሽ ከጫንሽው ፍሰቱ ይጠፋል፣ አንቺም 0 ትጽፊያለሽ። ስንት ሰው «ደህና ነዎት» ብዬ እንደሸኘሁ ሳስበው ያመኛል። አሁን ጄል አልቆጥብም። በፕሮቡና በቆዳው መካከል የጄሉ ሽፋን ስክሪኑ ላይ ካልታየኝ እየተጫንኩ ነው ማለት ነው።

ደግሞ እኒያ እናት ከደባርቅ በሌሊት ተነስተው ነው የመጡት? በክረምት? እጅ ሲቀዘቅዝ ዶፕለሩም ይቀንሳል። እኔ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ቤት ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ።

ማሽኑ ላይ ለመገጣጠሚያ ብቻ የሚሆን ፕሪሴት (አስቀድሞ የተቀመጠ ማስተካከያ) ያዢ። ፒአርኤፉ (ዶፕለሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምት እንደሚልክ የሚወስነው) ዝቅ ያለ ይሁን። ጌይኑን (የምልክቱን ማጉያ) የቀለም ነጠብጣብ እስኪረጭ ከፍ አድርጊው፤ ከዚያ ነጠብጣቡ እስኪጠፋ ብቻ መልሺው። የእኛ ማሽን መብራት ሄዶ ሲመጣ ወደ ሆድ ፕሪሴት ይመለሳል። መብራት በመጣ ቁጥር ሳታዪው እንዳትጀምሪ።

ሪፖርት የማነበው

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ሜቶትሬክሴት ሳምንታት ይፈልጋል። በዘጠኝ ቀን ከ3 ወደ ምንም አያወርድም። በመሃል ስቴሮይድ (እብጠትን ቶሎ የሚያበርድ መድኃኒት) ወስደው እንደሆነ ጠይቂልኝ። ሪፖርት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ብቻ አይበቃኝም፤ የትኛው መገጣጠሚያ፣ በየት በኩል፣ ምን መድኃኒት ላይ እያሉ እንደታዩ ይጻፍልኝ። ዶፕለር የሌለው ደረጃ 1 ውፍረት ጤነኛ ሰው ላይም ይታያል። በእሱ ብቻ መድኃኒት አልጨምርም።

የማራኪዋ (ጎንደር)

ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ዶክተር፣ ደውዬ ጠየቅኋቸው። ጎረቤት የሰጠቻቸውን ክኒን አምስት ቀን ውጠው ነበር። ስሙን አያውቁትም። ልጃቸው ማሸጊያውን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ነው። ሁለተኛ ሲታዩ በዚያ ላይ ነበሩ። ያ ብቻ ይሁን ወይስ መጫንም ይኑርበት አሁን መለየት አይቻልም። «ምን ወስደዋል?» ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ሦስታችን አንድ ፈቃደኛ ታካሚ ጋር ተቀመጥን። ተራ በተራ እየገባን ሳንነጋገር ጻፍን። ለአንዱ የጣት ሥር አንዱ 3፣ አንዱ 2፣ አንዱ 0 ሰጠ። ባለ 0ው ምስል ላይ ጄል የሚባል አይታይም። ፕሪሴቱን አንድ አድርገን፣ ጄሉን ጨምረን ደገምነው፤ 3፣ 2፣ 2 ሆነ። የቀረን ክርክር ግማሽ ሞልቷል አልሞላም የሚለው ነው። ጋሼ፣ ምስሉን በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ፤ ሲመችዎ ይዩልኝ።

የእኒያ እናት ቀጠሮ መስከረም 20 ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የነበረውን ወደ 5 ሰዓት ገፋሁት፤ ፀሐዩ እጃቸውን ያሙቀው።