ለቤት ውስጥ ልምምድ የሚሆን የሊድ ጊታር አምፕሊፋየር፦ በ20 ሺህ ብር ውስጥ የቱን ልምረጥ?

ጥያቄ፦ ጀማሪው ከጀሞ

ጤና ይስጥልኝ። ከቦክስ ጊታር ወደ ሊድ ጊታር የተሸጋገርኩት በቅርቡ ነው፤ ጊታሩን አግኝቻለሁ፣ አምፕሊፋየር ግን ገና አልገዛሁም። የምኖረው ጀሞ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን፣ ግድግዳው ስስ ከመሆኑ የተነሣ ጎረቤቶቼ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። መለማመድ የምችለው ደግሞ ከሥራ መልስ ማታ ብቻ ነው። ለጊዜው ጊታሩን ከቴሌቪዥኑ ስፒከር ጋር በጃክ እያገናኘሁ እጫወታለሁ፤ ድምፁ ግን የታፈነና ሕይወት የሌለው ሆኖብኛል።

በጀቴ ከ20 ሺህ ብር አይበልጥም። በመድረክ የሚጫወቱ ወዳጆቼ «ከ50 ዋት በታች እንዳትገዛ» ይሉኛል። በሌላ በኩል ሜሪላንድ የምትኖረው እኅቴ ለፋሲካ ስለምትመጣ ከዚያ ልታመጣልኝ ፈቃደኛ ናት። ከዚህ ብገዛ ይሻላል ወይስ ከአሜሪካ ባስመጣ? በብዛት የምለማመደው ትዝታና አንቺሆዬ፣ አልፎ አልፎም ሬጌ ነው። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የመድረክ ድምፅ

ወዳጆችዎ የሰጡዎት ምክር ከድራምና ከቤዝ ጊታር ጋር በአዳራሽ ለሚጫወት ሰው ትክክል ነው፤ ለእርስዎ ክፍል ግን አይሆንም። የዋት ቁጥር ባደገ መጠን ጆሯችን የሚሰማው የድምፅ ኃይል በዚያው ልክ አያድግም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ጆሮ ድምፁ እጥፍ እንደሆነ እንዲሰማው ግን በግምት 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር፣ ስፒከራቸው ተመሳሳይ ቢሆን፣ የ50 ዋቱ አምፕሊፋየር ከ5 ዋቱ የሚጮኸው በእጥፍ ገደማ ብቻ ነው። 5 ዋት ደግሞ እርስዎ በገለጹት ዓይነት ቤት ውስጥ ጎረቤትን ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብዎን ድምፁ ዝቅ ባለበት ጊዜም ጥራቱን ለሚጠብቅ መሣሪያ ያውሉት እንጂ ለዋት አይክፈሉ።

የቴሌቪዥኑ ስፒከር ለምን እንዳፈነብዎት ማወቅም ለምርጫዎ ይጠቅማል። የጊታር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ክፍል) የራሱ የኤሌክትሪክ መቋቋም (ኢምፒዳንስ) ከፍተኛ በመሆኑ፣ መቋቋሙ 1 ሜጋኦም ገደማ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል፤ ለሙዚቃ ማጫወቻ የተሠሩ ስፒከሮች መግቢያ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ቀጫጭኖቹን ድምፆች ገና ከመግቢያው ላይ ይውጣቸዋል። ጊታርዎም ሆነ ጣቶችዎ ጥፋት የለባቸውም። የጊታር አምፕሊፋየር ስፒከር ደግሞ በተቃራኒው ከ5 ሺህ ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ሆን ተብሎ እንዲቀንስ የተሠራ በመሆኑ፣ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር ኢፌክት) ሲጨመርበት ጆሮን የሚወጋው ጩኸት ይለዝባል።

ማታ ድምፁን ዝቅ ሲያደርጉ ቤዙ የጠፋ ይመስልዎታል። የሰው ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ወፍራሙን ክፍል አሳንሶ ስለሚሰማ ነውና የቤዙን ቁልፍ በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

ስለ ቱቦ አምፕሊፋየር (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቱቦ ስለሚሠራው የቀድሞ ዓይነት) የሚነግርዎት ሰው አይጠፋም። ድምፁን እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን የሚታወቅበትን ውበት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ጠበቅ ተደርጎ ሲከፈት ስለሆነ፣ ቱቦውም በጊዜ ብዛት አልቆ መለወጥ ስለሚያስፈልገው፣ ለዚህ በጀትና ለዚህ ቤት አልመክረውም።

መልስ፦ ብየዳና ሽቦ

እኔ የምጽፈው እንደ ጠጋኝ ነው፤ የሚነሣው ጉዳይም እኅትዎ ዕቃውን ከመግዛቷ በፊት መታየት ያለበት ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ቮልት ነው። በጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል አምፕሊፋየር በቀጥታ እዚህ ሶኬት ላይ ቢሰካ በመልካሙ ዕድል ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል፤ ካልሆነ ግን ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሮቹ አብረው ይሄዳሉ። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቶ መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም ትራንስፎርመሩ የሚችለው ዋት አምፕሊፋየሩ ከሚስበው ቢያንስ በግማሽ ያህል መብለጥ አለበት። በተጨማሪም ጽሑፉ «50/60 ሄርዝ» የሚል መሆኑን ያረጋግጡ። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ የብረት ትራንስፎርመር በእኛ 50 ሄርዝ ላይ ከሚገባው በላይ ይሞቃል።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያድነው በውጭ አዳፕተር ወይም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ዕቃ መምረጥ ነው። አዳፕተሩ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከተጻፈ የሶኬቱን ቅርጽ ከማስማማት ሌላ ምንም አያስፈልግም። አዳፕተሩ የአሜሪካ ብቻ ከሆነም አምፕሊፋየሩ ስለማይነካ አዳፕተሩን ብቻ እዚህ መተካት ይቻላል፤ ታዲያ ቮልቱ አንድ መሆኑን፣ አምፔሩ አለማነሱን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፖዘቲቭና የኔጌቲቩ ቦታ አንድ መሆኑን ማየት ግድ ነው። ብዙ የጊታር ዕቃዎች መካከለኛው ጫፋቸው ኔጌቲቭ ሲሆን፣ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት አዳፕተሮች ግን መካከላቸው ፖዘቲቭ ነው። በዚህ ምክንያት ተቃጥለው እጄ የገቡ ዕቃዎች ብዙ ናቸው።

መልስ፦ የቅኝት መምህር

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ጠያቂው ምን እንደሚጫወቱ መናገራቸውን መነሻ አድርጌ መምከር እወዳለሁ፤ የአምፕሊፋየር ምርጫ ከሚጫወቱት ዜማ ተነጥሎ መታየት የለበትምና።

በትዝታ ሜጀር ከዶ ስንነሣ የምናገኛቸው ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ ስለሌለ ትንሽ ዲስቶርሽን ቢጨመርበት እንኳ ዜማው አይበላሽም። አንቺሆዬ ግን ሌላ ነው። ከዶ ተነሥተን ሬ ቤሞል (ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ስንል ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በግማሽ ድምፅ ብቻ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ዲስቶርሽን አብረው በተመቱ ሁለት ድምፆች ላይ የመደመርና የመቀነስ ውጤት የሆኑ ሌሎች ድምፆችን ስለሚፈጥር፣ እነዚህ ተቀራራቢ ድምፆች እርስ በርስ ተጋጭተው ያንን የአንቺሆዬን ልዩ ጣዕም ወደ ጩኸት ይለውጡታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተቀዱትን የዘመናዊ ሙዚቃችንን ሥራዎች ልብ ብለው ቢያዳምጡ፣ ጊታሩ በአብዛኛው ንጹሕና ጥርት ያለ ሆኖ፣ አንዳንዴም ድምፁን «ዋ-ዋ» በሚያሰኘው በእግር የሚረገጥ ዋዋ ፔዳል ታጅቦ እንደሚሰማ ይገነዘባሉ።

ስለዚህ ለእርስዎ ዋናው መመዘኛ የክሊኑ (ዲስቶርሽን ያልተጨመረበት) ድምፅ ጥራት ነው፤ ቀጥሎ ጥሩ ሪቨርብ (በሰፊ አዳራሽ እንደሚሰማ ዓይነት ማስተጋባት)፣ ከዚያ የሄድፎን መውጫና ከስልክ ሙዚቃ የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈለጋል። በርካታ ኢፌክት ያላቸው ዲጂታል አምፕሊፋየሮች መጥፎ ናቸው አልልም፤ ነገር ግን ተማሪዎቼ ቅኝት መለማመጃ ሰዓታቸውን ኢፌክት በመቀያየር ሲጨርሱ በተደጋጋሚ ስላየሁ ለጀማሪ ቁልፉ ያነሰ ዕቃ ይሻላል ባይ ነኝ።

በስም ከተጠየቅሁ የማስቀድመው ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ጂኤክስን ነው። 3 ዋት ነው፤ ባለ 5 ኢንች ስፒከር ነው፤ ክሊኑ ንጹሕ ሲሆን መቃኛም አለው። በስድስት የደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ ለረጅም ሰዓት ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ልምምዱ አይቋረጥም። ቀጥሎ ቦስ ካታና ሚኒ አለ፤ 7 ዋት ሆኖ ስፒከሩ 4 ኢንች ነው፤ እሱም በስድስት ድንጋይ ይሠራል። ፌንደር ፍሮንትማን 10ጂ በዋጋው ደህና ቢሆንም ሪቨርብ የለውም፣ የሚሠራውም በመብራት ብቻ ነው።

ማታ በሄድፎን መለማመድ ተገቢ ነው። ሆኖም በሳምንቱ መጨረሻ ቀን ቀን ስፒከሩን ከፍተው በክፍሉ አየር ውስጥ የሚወጣውን ድምፅ እንዲሰሙ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የቀኝ እጅን የአመታት ኃይል መቆጣጠር የሚለመደው በዚያ ነው። የብሉቱዝ ሄድፎን ለዚህ አይሆንም፤ ክሩን ከመቱ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ምትዎን ያበላሽብዎታል።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኅትዎ የምትኖርበት አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ያገለገለ ዕቃ ብትፈልግ እነዚህ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች በመልካም ይዞታ ላይ ሆነው ከአዲሱ ዋጋ በጣም ባነሰ ይገኛሉ፤ ጀምረው የሚተዉ ሰዎች ብዙ ናቸውና። ክብደቱንም ያስቡላት፦ ካታና ሚኒ ከአንድ ኪሎ እምብዛም አይበልጥም፣ ማይክሮ ኪዩቡም ከሦስት ኪሎ በታች ነው፤ ካታና 50 ግን ከ11 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የአንዱን ሻንጣ ግማሽ ይወስዳል። ለፋሲካ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ደግሞ ምን ያህል እንደሚጨናነቅ ሁላችንም እናውቃለን።

ጠያቂው፦ ጀማሪው ከጀሞ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእኅቴ ያገለገለ ማይክሮ ኪዩብ እንድትፈልግልኝ፣ ካጣች ካታና ሚኒ እንድትገዛልኝ፣ የአዳፕተሩንም ጽሑፍ ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝ ጻፍኩላት። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ የጓደኛዬ አምፕሊፋየር ጋ ጊታሬን ስሰካ የማያቋርጥ «እምም» የሚል ድምፅ ነበረ፤ ክሩን በእጄ ስነካው ይቀንሳል። ችግሩ ከጊታሬ ይሆን?

መልስ፦ ብየዳና ሽቦ

ክሩን ሲነኩ የሚቀንስ ከሆነ በአብዛኛው ብልሽት አይደለም፤ ሰውነትዎ ከአካባቢው የ50 ሄርዝ መብራት ለቅሞ ወደ ጊታሩ የሚያስተላልፈው ድምፅ ነው፤ ክሩን ሲነኩ ሰውነትዎ በክሩ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ኧርዝ ጋር ስለሚገናኝ ይቀንሳል። ከቴሌቪዥን፣ ከዋይፋይ ሳጥንና ከስልክ ቻርጀር ራቅ ብለው፣ ጊታሩንም ይዘው ወደ ጎን በመዞር ድምፁ የሚያንስበትን አቅጣጫ ይፈልጉ። አምፕሊፋየሩን በባትሪ ድንጋይ ሲያሠሩት ቢቀንስ ምክንያቱ አዳፕተሩ ወይም የቤቱ መስመር ነው። ነገር ግን ክሩን ሲነኩ እጅዎን ነዘር የሚያደርግዎት ከሆነ ወዲያውኑ ከሶኬት ይንቀሉትና የቤቱን ኧርዝ ባለሙያ ያሳዩ፤ ድምፁን ለማጥፋት ብሎ የኧርዙን እግር የሚቆርጥ ሰው ካጋጠመዎትም ዕቃዎን አይስጡት።