ዊንግ ፎይል ላይ እግር መቀየር አቃተኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዊንግ ፎይል ላይ (በእጅ በሚያዝ የነፋስ ክንፍ እየተጎተቱ፣ ከሥሩ ፎይል የሚባል የውኃ ውስጥ ክንፍ ባለው ሰሌዳ ላይ ቆሞ ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ መሄድ ነው) ቀጥ ብዬ መሄድም መዞርም ችያለሁ፤ የቸገረኝ ከዞርኩ በኋላ እግር መቀየሩ ነው። የኋላ እግሬን ወደ ፊተኛው አስጠግቼ የፊቱን ወደ ኋላ ልወስድ ስል ክብደቴ ወደ ኋላ ይሸሽና ሰሌዳው አፍንጫውን ሽቅብ ያነሳል። ፎይሉ ከውኃ ይወጣል፣ እኔም እወድቃለሁ። ቀስ ብዬ ስሞክር ደግሞ ይባስ ብሎ ወደ ጎን ይገለብጠኛል! ክንፉን ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ስይዘው እግሬን ቀለል ይለኛል፣ ግን ፍጥነቴ ይቀንሳል። ዓይኔም ሳላስበው ወደ እግሬ ይወርዳል፤ ሚዛኔን የሚያሳጣኝ ይሄ ይሆን?

እናንተ የምትቀይሩት ከመዞራችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? መጀመሪያ ሰሌዳው ውኃ ላይ ተኝቶ እያለ ብለማመድስ? የእግር ማሰሪያ አልጠቀምም። የትኛው እግር፣ መቼ እንደሚንቀሳቀስ በዝርዝር ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።