ሄኖክ ከማን ቀኖና ነው ውጭ?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች። ትናንት ፒያሳ ቡና እየጠጣን መጽሐፈ ሄኖክን ስጠቅስ ፕሮቴስታንት ጓደኛዬ «እሱ ከቀኖና (ከመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ዝርዝር) ውጭ ነው» ብሎ ዘጋኝ። እኛ ኦርቶዶክሶች 81 መጻሕፍት እንላለን፣ እነሱ 66። ታዲያ ውጭ የቀረ ሁሉ ሐሰት ነው? የቶማስ ወንጌል የሚሉትስ?

የቅኔ ተማሪ፦
ወንድሜ፣ «ከማን ቀኖና?» በለው። ሄኖክና ኩፋሌ እኛ ጋ ውስጥ ናቸው። ይሁዳ ቁጥር 14 ላይ ሄኖክን በስሙ ይጠቅሰዋል፣ ያ ደግሞ እነሱም መጽሐፍ ውስጥ አለ። ሙሉው የተረፈው በግእዝ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በፈረንጆቹ 1770ዎቹ ወደ አውሮፓ የወሰደውም እዚሁ ጎንደር ከርሞ ነው እኮ። በኋላ ሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን ዋሻ ውስጥ የአራማይክ ቁርጥራጩ ተገኘ።

ማራኪ ሰፈር፦
ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ልመልስ። መጠቀስ ብቻውን ቀኖና አያደርግም። ጳውሎስም አቴና ላይ የግሪክ ባለቅኔ ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)። ግን ጓደኛህም አበዛው፤ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ሉተር እንኳ 66ቱ ውስጥ የሌሉትን ሲራክንና መሰሎቹን ከቅዱሳት መጻሕፍት እኩል ባያደርጋቸውም ማንበቡ ይጠቅማል ብሎ በትርጉሙ ውስጥ ለብቻ አስቀምጧቸዋል። እኛ ለታሪክ እናነባለን፣ ትምህርት አናቆምበትም።

እንግዳ፦
ቶማስን ከሄኖክ ጋር አትቀላቅሉ። በ1945 ግብፅ፣ ናግ ሐማዲ፣ በቅብጥ ቋንቋ ሙሉው ተገኘ፤ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ቀኖና አላደረገውም። ደግሞ እኛም ብንሆን ገድሉን፣ ተአምረ ማርያምን እናነብ የለ? 81ዱ ውስጥ የሉም፣ ግን ማን ሐሰት አላቸው።

የአዘዞ ልጅ፦
እሺ፣ ይሁዳን ይዤ ነገ እመለሳለሁ። ቡናውን ግን እሱ ነው የሚከፍለው።