ጅግሶ ስቆርጥበት እንጨቱ አብሮ ይዘላል፤ ምን ላድርግ?

አዲስ_እጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ባለ ገመድ ጅግሶ (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ገዛሁ። ሐሳቤ በ18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ጥጉ ክብ የሆነ መደርደሪያ መሥራት ነው። መሀሉ ላይ የኮምፒውተር ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይኖረዋል። መጀመሪያ ቁራጭ ጣውላ ላይ ልሞክረው ብዬ ሳስነሳው እንጨቱ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይዘላል። በግራ እጄ ጥብቅ አድርጌ ብይዘውም ያው ነው። ድምፁም ያስደነግጣል። ማሽኑ ችግር አለበት ወይስ አያያዙ ነው? ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ስላለ ደግሞ እሱንም እያሰብኩ ነው። ዋናውን እንጨት ከመንካቴ በፊት የምታውቁ ምከሩኝ።

የጣውላ_ሰው፦

እህቴ፣ ቆም ብለሽ መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። ማሽኑ ምንም አልሆነም።

ማሽኑን ከሶኬት ነቅለሽ ምላጩን አውጪና ጥርሶቹን እያቸው። የአብዛኛው ምላጭ ጥርስ ወደ ላይ፣ ወደ ማሽኑ የዞረ ነው። ስለዚህ የሚቆርጠው ሲወጣ ነው፤ ሲወርድ አይደለም። ሲወጣ እንጨቱን ይዞት ሊነሳ ይሞክራል፣ ሲወርድ ይለቀዋል። ይህን በደቂቃ እስከ 3,000 ጊዜ ገደማ ሲያደርገው በአንድ እጅ የተያዘ ጣውላ ጸጥ ሊል አይችልም። የሚያዘልለው ይኸው ነው።

እንጨቱን ክላምፕ (ከጠረጴዛው ጋር አጥብቆ የሚይዝ ማጣበቂያ ብረት) ይያዘው፣ አንቺ ማሽኑን ያዢ። አንድ ክላምፕ ብቻ ካደረግሽ ጣውላው በእሱ ላይ ይዞራል፤ ስለዚህ ሁለት አድርጊና አራርቂያቸው። የማሽኑ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ብረት እንጨቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ይተኛ። ወደ ታች ጫን በይው። ወደ ፊት ግን በጉልበት አትግፊው፤ ምሪው ብቻ። አልሄድ ካለሽ ወይ ምላጩ ደንዟል፣ ወይ ለዚያ እንጨት አይሆንም። ያኔ ቀይሪው እንጂ አትታገዪው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ስለ ጅግሶ ጥንቃቄ ሲወራ ሰው የሚያየው ከላይ ያለውን ነው። ጉዳቱ ግን ከሥር ነው። ምላጩ 18 ሚሊሜትሩን አልፎ ከታች ጥቂት ሳንቲሜትር ይወጣል፣ ይገባል። አንቺ ደግሞ ከላይ ሆነሽ አታይውም።

እስቲ አንድ ጣውላ በግራ እጅሽ ያዢ። አውራ ጣትሽ ከላይ ነው፤ አራቱ ጣቶችሽ የት ሄዱ? ከሥር ናቸው። ማንም ሰው ጣውላ ሲይዝ እንደዚያ ነው የሚይዘው፤ እጅ ሳናዘው የሚያደርገው ነገር ነው። መስመሩ ወደዚያ ከዞረ ምላጩ ጣት ይሁን እንጨት አይለይም። ለዚህ ነው ክላምፕ ላይ ድርቅ የምለው። ክላምፕ እንጨቱን ብቻ ሳይሆን እጅሽንም ከዚያ ቦታ ያወጣልሻል። ነጻ የሆነው እጅሽ ማሽኑን ይደግፍ።

ከማስነሳትሽ በፊት ጎንበስ ብለሽ ከሥር እዪ። በጣትሽ መስመሩን ከሥር ተከትለሽ ሂጂ፤ ማሽኑ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። የጠረጴዛው ጠርዝ አለ? የክላምፑ ጥርስ? የማሽኑ የራሱ ገመድ ተንጠልጥሎ ይሆን? ተቀምጠሽ የምትቆርጪ ከሆነ ጉልበትሽስ? እንጨት ጭን ላይ አስቀምጦ በጅግሶ መቁረጥ በፍጹም አይሞከርም።

ሌላው አደገኛ ሰዓት መጨረሻው ነው። ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ሲቀር ቁራጩ መዘንበል ይጀምራል። እጅ ሳይታሰብ ሊቀበለው ወደ ሥር ይሄዳል። ይውደቅ! እንጨት ነው። እንዳይሰነጠቅብሽ ከፈለግሽ አስቀድመሽ ከሥሩ ድጋፍ አድርጊለት ወይም እሱንም በክላምፕ ያዢው።

ስትጀምሪ የጠፍጣፋው ብረት ፊት እንጨቱ ላይ ይረፍ፣ ጥርሱ ግን ገና አይንካ። መጀመሪያ ማሽኑ ይነሳ፣ ከዚያ ወደ እንጨቱ አስገቢው። ስትጨርሺ ጣትሽን ከማብሪያው አንሺና ምላጩ ጭራሽ እስኪቆም ጠብቂ። እየሠራ ብታነሺው ጫፉ እንጨቱን ይቀጠቅጠዋል፤ ይጣመማል ወይም ይሰበራል። ልክ እንደቆመ ደግሞ በባዶ እጅ አትንኪው፤ ያቃጥላል።

ገመድና_ሶኬት፦

የጣውላ ሰው የተናገረው ላይ የኤሌክትሪኩን ልጨምር። ገመዱን ከኋላሽ አድርጊው፤ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግም ይቻላል። ምላጩ በሚሄድበት በኩል ፈጽሞ አይምጣ። ብዙ ጅግሶ ማብሪያውን ተጭኖ የሚያስቀር ትንሽ ቁልፍ ከጎኑ አለው። እሱ ተቆልፎ ሳለ ሶኬት ውስጥ ብትሰኪው ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ በራሱ ይነሳል። ከመሰካትሽ በፊት መለቀቁን አረጋግጪ። ኤክስቴንሽን የምትጠቀሚ ከሆነ ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ፍቺው፤ ተጠቅልሎ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል። እርጥብ ወለል ላይ አትሥሪ። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በራሱ የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ ሰውን ለማዳን የተሠራ ነው።

አዲስ_እጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የጣቶቹን ነገር እጄን አይቼ ደነገጥኩ፤ ልክ እንዳሉት ነው የያዝኩት። አሁን ሁለት ክላምፕ አድርጌ ቁራጩ ላይ ሞከርኩት፤ መዝለሉ ቆሟል። ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። መሀሉን ቀዳዳ ከየት ነው የምጀምረው? የላይኛው ገጽ ጠርዙ ይፈረካከሳል፣ ለምን? ጓንትስ ላድርግ?

የጣውላ_ሰው፦

ቀዳዳውን በድሪል ጀምሪው። ከመስመሩ ውስጥ፣ ተቆርጦ በሚወጣው በኩል፣ በ10 ሚሊሜትር ፑንታ (የድሪል መብሻ) ብሺ። ምላጩ እንደ ልብ መግባቱን እዪ። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ምላጩን አስገቢ፣ ጠፍጣፋውን ብረት አስተኚ፣ ጥርሱ ጠርዙን እንዳልነካ አረጋግጪና ከዚያ አስነሺ። አንዳንድ ሰው ማሽኑን በአፍንጫው አቁሞ ያለ ቀዳዳ እንጨቱን ሲበሳ ታዪ ይሆናል። ተዪው፤ በድሪል ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ለገመድ ብቻ የሚሆን ትንሽ ክብ ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ ጅግሶም አያስፈልግሽም፤ ድሪል ላይ የሚገጠም ክብ መጋዝ ይበልጥ ያምራል።

የሚፈረካከሰው ጥርሱ ወደ ላይ ስለሚቆርጥ ነው። ስለዚህ የሚታየውን ገጽ ወደ ታች አድርጊና ከጀርባው ቁረጪ። ሥዕሉ ግራና ቀኙ እንደሚገለበጥ ግን አትርሺ። መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈሽ መቁረጥም ይረዳል። ማሽኑ ጎን ላይ ከ0 እስከ 3 የተጻፈበት ማዞሪያ ካለው 0 ላይ አድርጊው። ቁጥሩ ሲጨምር ምላጩ ወደ ፊትም ይወዛወዛል፤ ፈጣን ነው፣ ግን ጠርዝ ያበላሻል።

ለክቡ ጥግ ጠባብ ምላጭ ውሰጂ። ማሽኑን ወደ ጎን አትጠምዝዢው፤ ቀስ ብለሽ ከኋላው አዙሪው። ጠበብ ያለ ክብ ከሆነ መጀመሪያ ከጠርዙ እስከ መስመሩ ድረስ ቀጥ ያሉ አጫጭር ቁርጦች አድርጊ። ክቡን ስትቆርጪ ትርፉ በየቁራጩ እየወደቀ ለምላጩ ቦታ ይለቅለታል።

ስለ ጓንት የእኔ አቋም ይህ ነው። ምላጩን ጓንት አያቆመውም፤ ሰፊ ጓንት ደግሞ ማብሪያውን በደንብ እንዳትይዢ ያደርጋል። በድሪሉ ስትበሺ ጭራሽ አታድርጊ፤ የሚሽከረከር ነገር ጨርቁን ይጠመጥመዋል፣ እጅንም ይዞ ይሄዳል። እንጨት ስታነሺና ስታስቀምጪ ብቻ አድርጊው። ሰፊ እጅጌ ሰብስቢ፣ ጸጉርሽን እሰሪ፣ ሻርፕ አውልቂ።

መነጽር ግን ግዴታ ነው። መስመሩን ለማየት ፊትሽን ወደ ምላጩ ታቀርቢያለሽ፣ ብናኙም ወደ ዓይን ይመጣል። የሐኪም መነጽር ጎኑ ክፍት ስለሆነ አይተካውም። ለጆሮ መከላከያ አድርጊ፤ ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ሲደጋገም መስማት ይጎዳል፣ ጅግሶ ደግሞ ያንን ሊያልፍ ይችላል። ለአፍንጫሽም የብናኝ ማስክ አትርሺ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጎራ የመደበው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ መደርደሪያ ሠርቶ ይታመማል እያልኩ አይደለም፤ በቀላሉ የሚቀር ነገር መተንፈስ ግን ምን ያደርጋል? መስኮት ክፈቺ። ሰጋቱራውን በደረቁ አትጥረጊው፤ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቢው።

እናት_ባለሙያ፦

የልጁን ነገር እኔ ልመልስ፤ እኔም ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ነው የምሠራው። በሩን ዝጊ፣ ሌላ ሰው ልጁን ይያዝ። የጆሮ መከላከያ ስታደርጊ ልጅ ከኋላሽ ቢገባ አትሰሚውም፤ ስለዚህ ፊትሽን ወደ በሩ አድርገሽ ቁሚ። በር ተንኳኳ፣ ስልክ ጠራ፣ ውኃ ልጠጣ ብለሽ ለአፍታ ብትሄጂም መጀመሪያ ከሶኬት ንቀይ። ስትጨርሺ ምላጩን አውጥተሽ ለብቻው ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፤ ማሽኑን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ። የተሰበሩትን ምላጮች ደግሞ ቆሻሻ ውስጥ እንዲሁ አትጣያቸው። ወፈር ባለ ካርቶን ጠቅልለሽ በፕላስተር እሰሪያቸው፤ ቆሻሻ የሚያነሳው ሰው እጅ ላይ እንዳይወጉ።