ስፓርክስቴሽን 5ን እንደገና ለማስነሣት፦ ለሥራ አመራር ኮሚቴው በሚቀርበው የጋራ ሐሳብ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ከማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣

በሞት ከተለዩን ነባር አባላችን ቤተሰብ የተረከብነው የሰን ማይክሮሲስተምስ ኮምፒውተር፣ ስፓርክስቴሽን 5፣ ከነኪቦርዱ በማኅበሩ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ባለቤታቸው ማሽኑን ሲያስረክቡን የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ልጆቻቸው፣ አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አማርኛ ይጽፉበት የነበረው ኮምፒውተር እንደገና ሲሠራ እንዲያዩት ነው። ሥራ አመራር ኮሚቴው ጊዜና ገንዘብ ከመፍቀዱ በፊት የጋራ ሐሳባችንን በጽሑፍ እንድናቀርብ ስለጠየቀ፣ ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ፣ የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደሚጫንበትና ምን ምን መግዛት እንዳለብን የየበኩላችሁን እንድትገልጹ እጠይቃለሁ። የተስማማንበትን በአንድ ረቂቅ አዋሕጄ አቀርባለሁ።

ከሃርድዌር ተጠሪው

ከሁሉ አስቀድመን እንድንስማማበት የምፈልገው ማንም ሰው ማሽኑን ኤሌክትሪክ ላይ እንዳይሰካው ነው። ስፓርክስቴሽን 5 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1994 ስለሆነ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። እነዚህ ካፓሲተሮች ከጊዜ ብዛት ይደርቃሉ ወይም ፈሳሻቸው ወጥቶ ቦርዱን ይበላዋል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ወጥቶ መታየት፣ የደከመው ካፓሲተር መለወጥ፣ ከዚያም ማዘርቦርዱ ሳይነካ በሌላ ጭነት ላይ ቮልቴጁ መለካት አለበት። ይህን ሥራ በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ የሠራ ሰው ብቻ ይሥራው፤ ዋናዎቹ ካፓሲተሮች ከግድግዳው ከተነቀሉም በኋላ አደገኛ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ኤም48ቲ08 የተባለው ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ ሰዓቱን፣ የማስነሻ ምርጫዎቹን፣ የማሽኑን መለያ ቁጥርና የኢተርኔት አድራሻውን በ8 ኪሎባይት ውስጥ ይይዛል፤ ይህን ሁሉ እንዳይጠፋ የሚያደርገው ሊቲየም ባትሪ ግን እዚያው ቺፑ ውስጥ ታሽጎ የተሠራ ነው። ባትሪው የሚያገለግለው ለዐሥር ዓመት ገደማ ስለሆነ የእኛው ካለቀ ቆይቷል ብለን መነሣት ይኖርብናል። ማሽኑ ሲበራ መለያው ልክ እንዳልሆነ ይናገራል፣ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣም አያውቅም። የተለመደው መፍትሔ የቺፑን አናት በሞረድ ከፍቶ የውስጡን ባትሪ በመቁረጥ ከውጭ ሲአር2032 የተባለውን ክብ ባትሪ ማገናኘት ነው፤ ርካሽ ስለሆነና ብዙዎች ስለሠሩበት እኔም ይህንኑ አቀርባለሁ።

መለያው ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲበራ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በፊት ከሚሠራው ኦፕንቡት ከተባለው ፕሮግራም ላይ ባይት በባይት ይጻፋል። ዐሥራ ስድስት ባይቶች ሲሆኑ የመጨረሻው የፊተኞቹ ዐሥራ አምስት ማረጋገጫ ነው፤ እርሱ ከተሳሳተ ማሽኑ ሁሉንም አይቀበልም። በነገራችን ላይ ኦፕንቡት ሚች ብራድሊ በሰን ውስጥ የሠሩት ሲሆን ዘመዱ የሆነው ኦፕን ፈርምዌር ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በገቡት ትንንሽ አረንጓዴና ነጭ የኤክስኦ ላፕቶፖች ውስጥም ነበረ። ለወጣት አባሎቻችን የምናሳየው ነገር ከሚያውቁት የራቀ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

ሞኒተርን በተመለከተ መጀመሪያ ላይ አያስፈልገንም። ኪቦርዱ ካልተሰካ ማሽኑ መልእክቱን በራሱ ወደ መጀመሪያው ሲሪያል ወደብ ያዞራል፤ በ9600 ፍጥነት የተዘጋጀ ማንኛውም ላፕቶፕ ያነበዋል።

ከሶፍትዌር ክፍል አባል

ወንድሜ ስለ ፓወር ሰፕላዩ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ከዲስኩ ቢጀምር ይሻላል እላለሁ። ስፓርክስቴሽን 5 በብዛት የተሠራ ማሽን ስለሆነ ቦርዱ ቢበላሽ ሌላ ቦርድ ማግኘት ይቻላል፤ በዲስኩ ላይ ያለው ግን በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ሊኖረው ይችላል።

ለረጅም ዘመን ቆሞ የኖረ ዲስክ ሊነሣ እንቢ ሊል፣ አንድ ጊዜ ተነሥቶም ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዞርበት ሰዓት የሚቀዳበት ሰዓት መሆን አለበት። ዲስኩ ከማሽኑ ወጥቶ፣ ባለ80 ፒን ማገናኛው በአዳፕተር ስካዚ የተባለውን የድሮ የዲስክ ማገናኛ የሚቀበል ካርድ ካለው የሊነክስ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ፣ የተበላሹ ቦታዎችን እያለፈ በኋላ በሚመለስባቸው ዲዲሬስኪው በተባለው ፕሮግራም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቀዳ። ሊነክስ የሰንን የፋይል አደረጃጀት ለንባብ ብቻ መክፈት ስለሚችል ቅጂውን እዚያው መመርመር እንችላለን። በዋናው ዲስክ ማሽኑን ማስነሣት ግን አይገባም፤ የሰን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሆነው ሶላሪስ ሲነሣ መዝገቦቹን ይጽፋል፣ የፋይሎቹን ጊዜ ይለውጣል፣ ሰዓቱ በሞተ ማሽን ላይ ደግሞ የሚጽፈው ቀን ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል።

ለሃርድዌሩም ጥቅም አለው። ሶላሪስ በተነሣ ቁጥር የኢተርኔት አድራሻውን በመልእክት መዝገቡ ውስጥ ያሰፍራል፤ ስለዚህ ከ08:00:20 በኋላ የሚመጡትን ሦስቱን ትክክለኛ ባይቶች ሳንፈጥር ከዚያው ልናገኛቸው እንችላለን። ቺፑን በሞረድ መክፈቱን ግን አልደግፍም። ቺፑ የተቀመጠው በሶኬት ላይ ነው፤ ሳይነካ ወጥቶ በከረጢት ይቀመጥና በቦታው ባትሪው የሚቀየርበት ተተኪ ትንሽ ቦርድ ይግባ።

አማርኛውን በተመለከተ ምን እንደምንፈልግ አስቀድመን ማወቅ አለብን። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ሶላሪስን በመሰሉ የዩኒክስ ሲስተሞች ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው በሴራ ሥርዓት ሲሆን፣ ይህም ፊደሉን በተራ የላቲን ሆሄያት የሚወክል ነው፤ ወይም ደግሞ በጃፓን ኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ በተሠራው ሙል በተባለው የኢማክስ (የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም) ዓይነት ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1997 ከኢማክስ 20 ጋር ተዋሕዷል። በሴራ ትልቁና ትንሹ የላቲን ሆሄ የተለያየ ድምፅ አላቸው፤ ተ በትንሹ፣ ጠ በትልቁ ይጻፋሉ። ፋይሉን ለማስተካከል ብሎ ሆሄያቱን ሁሉ ወደ ትንሽ የሚለውጥ ሰው ጽሑፉን ሊጠገን በማይችል መልኩ ያበላሸዋል። ስለዚህ ከቅጂው ላይ አንድም ፋይል አይለወጥ፤ ወደ ዩኒኮድ መመለሱ በሌላ ቅጂ ላይ ይሠራ። የዛሬው ኢማክስ ሴራን ወደ ፊደል የሚመልስ መሣሪያ አሁንም በውስጡ ስላለ ይህ ከባድ ሥራ አይሆንም።

በመጨረሻም የሟቹ ደብዳቤዎች የቤተሰባቸው እንጂ የማኅበሩ አይደሉም። ፋይል ከመከፈቱ በፊት የባለቤታቸው ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር፣ ከፋይሎቹ ስምና ዓይነት ያለፈ ንባብም እርሳቸው ባሉበት ብቻ ይሁን።

ከገንዘብ ያዥ

ለአባላቱ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው መጠየቁ ስለማይቀር እኔ አስቀድሜ ልጠይቅ። ኬሙ የተባለው ኢምዩሌተር ይህንኑ ስፓርክስቴሽን 5 ማስመሰል እንደሚችል አውቃለሁ። የዲስኩ ቅጂ በላፕቶፕ ላይ ቢነሣ የቤተሰቡ ጥያቄ በጥቂት ወጪ የተመለሰ አይሆንምን?

ከነባር አባል፣ የቀድሞ ሲስተም አስተዳዳሪ

ልጄ ገንዘብ ያዣችን ያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ኢምዩሌተሩም በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ይኑረው። ቅጂው መጀመሪያ በኬሙ ላይ ቢሞከር የይለፍ ቃሉ ቢጠፋብን ወይም የማስነሻው ክፍል ቢበላሽ ችግሩን ማሽኑ ሳይነካ እናውቀዋለን። ሆኖም ቤተሰቡ የጠየቁት ኮምፒውተሩን ነው። አባታቸው የነኩትን ኪቦርድ ነክተው፣ ከማሽኑ ጋር በተያያዘ ስክሪን ላይ በ1152 በ900 ነጥብ የተሳለውን ፊደል ሲያዩ የሚያገኙት ነገር በላፕቶፕ መስኮት ውስጥ የለም። በእኔ በኩል ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ የሚገባ ወጪ ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በተመለከተ በዲስኩ ላይ የተገኘው የሶላሪስ እትም የትኛውም ቢሆን እርሱው ይነሣ። ይህን የማሽን ቤተሰብ የሚደግፈው የመጨረሻው ሶላሪስ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው 9ኛው ነው፤ ነገር ግን አዲስ ስለሆነ ብቻ እርሱን መጫን ታሪኩን መፋቅ ይሆናል። በሌላ በኩል ኔትቢኤስዲ የተባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ባለ32 ቢቱን ስፓርክ (የማሽኑን ፕሮሰሰር ዓይነት) እስከ ዛሬ ስለሚደግፍ ለወጣቶቹ ማስተማሪያ ይጠቅማል። ሁለቱም እንዲኖሩን ብሉስካዚ የተባለው፣ በኤስዲ ካርድ ላይ የተቀመጡ የዲስክ ቅጂዎችን እንደ ስካዚ ዲስክ የሚያቀርበው ቦርድ ቢገዛ ይበቃል። ለመጫኛ የሚሆን ሲዲም ራሱ ስለሚያስመስል፣ በ512 ባይት የሚያነብ የድሮ ሲዲ ድራይቭ ከመፈለግ ያድነናል።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። የዚያ ዘመን ሶላሪስ የይለፍ ቃልን ቴልኔት በተባለው የርቀት መግቢያ ሳይመሰጥር የሚልክ፣ ከይለፍ ቃሉም የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሆሄያት ብቻ የሚመለከት ነው። ማሽኑ በምንም ምክንያት ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝ።

ስክሪኑን በተመለከተ ማሽኑ የሚጠቀምበት ባለ13ደብልዩ3 መሰኪያ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ አዳፕተር ይፈልጋል። ሆኖም የሰንን ጥምር ሲንክ (ምስሉን የሚያስተካክሉት ምልክቶች በአንድ ሽቦ የሚላኩበትን አሠራር) የማይቀበል ኤልሲዲ ብዙ ስለሆነ፣ ከመግዛታችን በፊት በአባላት ቤት ያሉ ሞኒተሮች በውሰት ይሞከሩ።

ከሃርድዌር ተጠሪው

የጋሼንና የእኅቴን ሐሳብ ተቀብያለሁ። ቺፑን የመክፈት ሐሳቤን ትቼ ተተኪ ቦርድ እንዲገባ እስማማለሁ፤ ፓወር ሰፕላዩ እየተመረመረ ዲስኩ ጎን ለጎን ሊቀዳ ስለሚችል ጊዜም አናጣም። በረቂቁ ላይ እንዲታከል የምጠይቀው ዲስኩ እንቢ ቢል ምን እንደምናደርግ ነው። ማንኛችንም ክዳኑን ከፍተን እንዳንሞክረው በግልጽ ይጻፍ።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦ የተዋሐደው ረቂቅ

«ማኅበሩ የተረከበውን ስፓርክስቴሽን 5 በቀድሞ ባለቤቱ ይዞታ እንደነበረ አድርጎ እንደገና ለማስነሣት ያቅዳል። ከማንኛውም ሥራ በፊት የቤተሰቡ የጽሑፍ ፈቃድ ይወሰዳል፤ ፈቃዱም ዲስኩን መቅዳትን፣ ፋይሎችን መመልከትንና የትኞቹ ጽሑፎች ለሕዝብ ሊታዩ እንደሚችሉ ለየብቻ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ዋናው ዲስክ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ይቀዳል፤ አንዱ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለማኅበሩ ይቀመጣል፤ ዋናው ዲስክ ዳግመኛ በማሽኑ ውስጥ አይገባም። ዲስኩ ለመዞር እንቢ ካለ ሥራው በዚህ ነጥብ ላይ ይቆማል፣ ማንም አባል ክዳኑን አይከፍትም፣ ለባለሙያ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለውን ቤተሰቡ ይወስናሉ።

ፓወር ሰፕላዩ ተመርምሮ ከተጠገነና ቮልቴጁ ከተለካ በኋላ ማሽኑ በሲሪያል ወደብ በኩል ያለ ዲስክ ይሞከራል። ሰዓቱንና መለያውን የሚይዘው ነባሩ ቺፕ ሳይነካ ወጥቶ ይቀመጣል፤ በተተኪው ላይ የሚጻፈው የኢተርኔት አድራሻ ከዲስኩ ቅጂ መዝገብ የተገኘው ይሆናል። ቅጂው አስቀድሞ በኢምዩሌተር ተሞክሮ፣ በመጨረሻ በብሉስካዚ ላይ ሆኖ በማሽኑ ላይ ይነሣል። የአማርኛ ጽሑፍ ማሳያው በቅጂው ላይ የተገኘውን የዘመኑን ሶፍትዌር ይጠቀማል፤ ካልተገኘ ኢማክስ 20 ከግዕዝ ፎንቶቹ ጋር ኔትቢኤስዲ ባለበት ቅጂ ላይ ይጫናል እንጂ የቤተሰቡ ቅጂ አይነካም። ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም።

የሚጠየቀው ወጪ ለካፓሲተሮች፣ ለተተኪው ቦርድ፣ ለብሉስካዚ፣ ለባለ80 ፒኑ ዲስክ አዳፕተርና ለሲሪያል ኬብል ብቻ ሲሆን፣ የሞኒተሩ ጉዳይ የውሰት ሙከራው ካበቃ በኋላ በተለየ ጥያቄ ይቀርባል።»

ከገንዘብ ያዥ

በዚህ መልኩ ከሆነ እደግፋለሁ። የስካዚ ካርድ ያለው ኮምፒውተር አባላት በውሰት ማቅረብ ከቻሉ እርሱም ከወጪው ውጭ እንዲሆን ይመዝገብ፤ የዕቃዎቹን ዋጋ ከሃርድዌር ተጠሪው ጋር አጣርቼ ከረቂቁ ጋር አያይዛለሁ።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

ተመዝግቧል። የፈቃድ ቅጹን ከሶፍትዌር ክፍል አባላችን ጋር አዘጋጅተን ለወይዘሮዋ በአካል እናደርሳለን፤ የእርሳቸው ፊርማ ከተገኘ በኋላ ረቂቁ ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር ለሥራ አመራር ኮሚቴው ይቀርባል።