ብሪጁ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ የቱ ጋ ተሳሳትኩ?

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጬ መላው ስለጠፋኝ ነው የምጽፈው።

ቦርዱ ምስል የሚያወጣው ሚፒ ዲኤስአይ በተባለው የምስል ማስተላለፊያ መስመር ነው፤ ፓነሉ (ስክሪኑ) ደግሞ የሚቀበለው ኤልቪዲኤስ የተባለውን ሌላ ዓይነት ብቻ። መሀል ላይ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይረው ብሪጅ፣ ኤስኤን65ዲኤስአይ83 የተባለው ቺፕ አለ። የሊኑክስ ከርነል ይህን ሰንሰለት እንዲያውቀው በዲቫይስ ትሪ (ሃርድዌሩን ለከርነሉ በሚዘረዝረው ፋይል) ገለጽኩት፤ ቺፑም ቺፖች በሚነጋገሩበት የአይቱሲ መስመር ላይ በሄክስ 2ሲ አድራሻ ይታያል።

መጀመሪያ ድራይቨሩ "ቆይተህ ሞክር" የምትለዋን የስህተት ቁጥር −517 ብቻ እየመለሰ አልነሳ አለኝ። ለካ ዲቫይስ ትሪው ውስጥ ፓነሉን የቺፑ ፖርት 1 ላይ አገናኝቼው ኖሯል! ፖርት 0 መግቢያ ከሆነ 1 መውጫ ነው ብዬ መገመቴ ነው። 1 ለሁለተኛ የዲኤስአይ መግቢያ የተያዘ ነው፤ የኤልቪዲኤስ መውጫው 2 ነው። እሱን አስተካክዬ፣ ሪሞት ኢንድፖይንቶቹ (የግንኙነቱን ሌላኛ ጫፍ የሚጠቁሙት መስመሮች) ከሁለቱም ወገን እርስ በርስ እንዲጠቋቆሙ ሳደርግ ተነሳ።

አሁን ግን ምስል ሊጀምር ሲል ፒኤልኤሉ (ቺፑ ውስጥ ክሎክ የሚያመነጨው ክፍል) አልቆልፍ ብሎ ድራይቨሩ "ጊዜው አለፈ" የምትለዋን −110 ይመልሳል። የዳታ ሌኖቹን (የዲኤስአይ ዳታ መስመሮቹን) ብዛት ከሰርኪዩት ንድፉ ጋር አመሳክሬያለሁ፣ 4 ነው። ጥርጣሬዬ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ ቺፑ ኢኔብል ሲደረግ የዲኤስአይ መስመሮቹ ኤልፒ-11 በተባለው የእረፍት ሁኔታ ላይ መሆን አለባቸው፣ ቺፑ ክሎኩንም የሚያገኘው ከእነዚሁ መስመሮች ነው። የኤሌክትሪክ ምልክቶችን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ስለሌለኝ ማየት አልቻልኩም።

ዲቫይስ ትሪ ሃርድዌሩን እንጂ ቅደም ተከተሉን አይገልጽም ብዬ ነው የማምነው። ታዲያ ይህን የት ላስተካክል፣ ብሪጅ ድራይቨሩ ላይ ወይስ ቦርዱ ላይ ምስሉን በሚልከው የዲኤስአይ ሆስት ላይ? የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።