ሰባተኛው ነርቭ (የፊት ነርቭ) አጥንት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ የሚያስረዳኝ አለ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የሕክምና ተማሪ ነኝ። አናቶሚ ላይ ጭንቅላትና አንገት ደርሰናል፤ እኔ ግን ፊት ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

አጥንቶቹ አልከበዱኝም። የራስ ቅል 22 አጥንት አለው፤ 8ቱ አንጎልን ያቅፋሉ፣ 14ቱ የፊት ናቸው። ጡንቻዎቹንም ወድጃቸዋለሁ። ኦርቢኩላሪስ ኦኩሊ ዓይን ይከድናል፤ ዛይጎማቲከስ ሜጀር የከንፈርን ጥግ ወደ ላይ ስቦ ፈገግ ያሰኘናል። አብዛኞቹ ጫፋቸው ቆዳ ላይ ስለሚያርፍ ነው ደስታና ሐዘናችን ፊታችን ላይ የሚነበበው። ይሄ እስካሁን ይገርመኛል።

ያስቸገረኝ እነዚህን ጡንቻዎች የሚያዘው ሰባተኛው ነርቭ ነው። ቴምፖራል አጥንት (በጆሮ ዙሪያ ያለው የራስ ቅል አጥንት) ውስጥ ይገባል፣ ይታጠፋል፣ በመሃል ጆሮ አጠገብ ወርዶ ከጆሮ ሥር ባለው ስታይሎማስቶይድ ቀዳዳ ይወጣል። በመንገዱ መጀመሪያ ለእንባ ዕጢ፣ ቀጥሎ ለስታፒዲየስ (ኃይለኛ ድምፅ የሚያለዝብ የመሃል ጆሮ ትንሽ ጡንቻ)፣ ከዚያ ለምላስ የፊተኛው ክፍል ጣዕም ቅርንጫፍ ይሰጣል። ቅደም ተከተሉን በቃሌ እወጣዋለሁ። በዓይነ ሕሊናዬ ግን አይታየኝም። ስለዚህ "አንድ በኩል ፊቱ ወድቋል፣ እንባው ደህና ነው፣ ድምፅ ግን ይጮህበታል፣ ጣዕምም ጠፍቶበታል፤ ጉዳቱ የቱ ጋ ነው?" ስባል እደነግጣለሁ። ከመታጠፊያው በታች፣ ከስታፒዲየስ ቅርንጫፍ በላይ ብዬ አስባለሁ። ልክ ነኝ?

ላብራቶሪያችን ያለው የራስ ቅል ያልተቆረጠ ስለሆነ ውስጡ አይታይም። እናንተ እንዴት ተረዳችሁት? በወረቀት የምትስሉበት ዘዴ ካላችሁ፣ ወይም በጭቃ ሠርቶ የሞከረ ካለ፣ ከየት እንደምጀምር ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም። ፈተናው ቀርቧል።